ሁለት ሰው በአንድ ሲባጎ

መደርደሪያው የወደቀው ማክሰኞ ጠዋት፣ ማንም ሳይነካው ነው። መጀመሪያ ብረቱ ጎበጥ አለ፤ ቀጥሎ ሲጥ አለ፤ ከዚያ የዘጠኝ መቶ ሰው ጉዳይ በአንድ ጊዜ ወለሉ ላይ ተዘረገፈ። መዝገብ ያዧ ቁልፏን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ አየችው። አልጮኸችም። ለሦስት መቶ ፋይል የተሠራ መደርደሪያ ዘጠኝ መቶ ተሸክሞ እስከዛሬ መቆሙ ይገርም እንደሆነ እንጂ፣ መውደቁ ምኑ ይገርማል?

ይህችን ሴት ከእስር ቤቱ ኃላፊ እስከ በር ጠባቂው ድረስ ሁሉም «እታለም» ነው የሚላት። የማንም እህት ስለሆነች አይደለም። ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሰውን ወረቀት የያዘ ሰው፣ ወደደም ጠላም የሁሉም ዘመድ ይሆናል። እስር ቤቱ ሲሠራ ለአራት መቶ ሰው ነበር። እሷ ስትቀጠር አምስት መቶ ነበሩ፤ ያኔ «ጠበበ» ተብሎ ስብሰባ ተጠራ። አሁን አንድ ሺህ አንድ መቶ ስልሳ ሦስት ናቸው፤ ስብሰባ የሚጠራም የለም፣ «ጠበበ» የሚልም የለም። ቃሉ አልበቃ ሲል ሰው መናገሩን ይተወዋል።

ለሃያ ሰው በተሠራ ክፍል ሰባ ሰው ይተኛል። ይተኛል የተባለው ለወጉ ያህል ነው። ሁሉም በጎናቸው ይደረደራሉ፤ የተኙበት ጎን ሲደነዝዝ የክፍሉ ተጠሪ «ዙር!» ይላል፤ ሰባውም አብረው ይገለበጣሉ። ብቻውን ልዙር ያለ ሰው ጠብ ያስነሳል። ለሽንት የተነሣ ሰው ሲመለስ ቦታው ተዘግቶ ስለሚያገኘው፣ ብልህ የሆነው ከቀትር በኋላ ውኃ አይቀምስም። «ከተፋቀሩ የነብር ቆዳ ለአምስት ይበቃል» ይባላል። ይባል እንጂ፣ ተራቹ እዚያ ክፍል አንድም ቀን አላደረም።

ለምን እንዲህ በዙ ለሚል ሰው መልሱ እታለም ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ ጠይቋት የሚያውቅ ግን የለም። ዳኛው ለሦስት ወር ይቀጥራል። ቀኑ ሲደርስ የእስር ቤቱ መኪና አርባ ሰው ይጭናል፣ ባለቀጠሮው ግን ዘጠና ነው። የቀሩት ሃምሳዎቹ «አልቀረቡም» ይባሉና ሌላ ሦስት ወር ይጨመርላቸዋል። ሰው የገደለም፣ ከጎረቤቱ ጋር የተሰዳደበም በአንድ በር ይገባል። መግቢያው ሰፊ ነው፤ በየቀኑ ይከፈታል። መውጫው ወረቀት ይፈልጋል።

ኃላፊው የወደቀውን መደርደሪያ አይቶ ራሱን ያዘ። ኃላፊው አምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ የደከመው ሰው ነው።

«ከውጭ ባለሙያ እስኪፈቀድልን ዓመት ይፈጃል» አለ። «ከውስጥ በያጅ አይጠፋም። ጥሩልኝ።»

በያጅ አልጠፋም። ረቡዕ ጠዋት አንድ ሽማግሌ ጥበቃ ይዞት መጣ። በያጁ ሠላሳ ሦስት ዓመት የሚሆነው፣ ትከሻው ሰፊ፣ አንገቱን ደፍቶ የሚሄድ ሰው ነው። በሥራ ቦታ ተጣልቶ የሰው ክንድ በመስበሩ አሥራ ስድስት ወር ተፈርዶበት ነው የገባው። በግቢው በስሙ የሚጠራው የለም፤ «አልቋል» ነው የሚሉት። «አልቋል መጣ»፣ «አልቋልን ጥሩት» ይባላል፤ እሱም አቤት ይላል። ስሙ የወጣለት፣ ሰኞ ሰኞ በመዝገብ ቤቱ መስኮት እየቀረበ «ጊዜዬ አልቋል» ስለሚል ነው። እታለምም አንድ መልስ ነበራት፦ «መዝገብህ ፍርድ ቤት ነው፤ ሲመጣ እንጠራሃለን።»

ይህን ስትል እየዋሸች አልነበረም። በየወሩ መጨረሻ ከመደርደሪያው ጫፍ እስከ ጫፍ እየሄደች በእያንዳንዱ ፋይል ጀርባ ላይ የተጻፈውን የመውጫ ቀን ታያለች፤ ቀኑ የደረሰውን መዝዛ ታወጣለች። መደርደሪያው ላይ የሌለ ፋይል ፍርድ ቤት ሄዷል ማለት ነው፤ ፍርድ ቤት የሄደ ፋይል ደግሞ አንዳንዴ ዓመት ይቀመጣል። በሳምንት ሃያ ሰው «ጊዜዬ አልቋል» ይላታል። ከሃያው አሥራ ዘጠኙ ተሳስቷል። አንዱ ወሩን ከእኩሌታው ይጀምራል፤ አንዱ ያልተሰጠውን ምሕረት ይቀንሳል፤ አንዱ በናፍቆት ይቆጥራል። ጆሮ የለመደውን አይሰማም። የእሷም ጆሮ ለመደ።

በያጁ የወደቀውን ብረት አገላብጦ አየና ተቀምጦ ለካው።

«እታለም፣ ይህ መደርደሪያ የወደቀው ብየዳው ደክሞ አይደለም» አላት።

«ታዲያ በምን ወደቀ?»

«በደግነቱ። እምቢ ማለት ነበረበት።»

ሽማግሌው ጥበቃ ከወንበሩ ላይ ሆኖ ሳቀ። እታለምም ሳታስበው ሳቀች።

«አሁን ስንት ፋይል እንዲችል አድርጌ ልሥራው?»

«ያለውንም የሚመጣውንም።»

«የሚመጣውን ስንት ልበለው?»

«እሱን ዳኞቹን ጠይቅ።»

ሲሠራ ዋለ። ሥራው ያምራል፤ አንግል ብረቱን ሲቆርጥ አንዴ ለክቶ አንዴ ነው የሚቆርጠው። ወደ ማታ ዕቃውን ሲሰበስብ ቀና አለና፣ «ሰኞ ሰኞ የምነግርዎትን ነገር፣ እዚህ ድረስ ገብቼ ሳልነግርዎት ብሄድ ይቆጨኛል» አላት።

«አውቀዋለሁ፤ ጊዜህ አልቋል።»

«ዘጠኝ ወር አለፈው።»

«መዝገብህ ፍርድ ቤት ነው።»

«እሺ» አለ። ተቆጥቶ ቢሆን ይሻላት ነበር። «እሺ» አለና ከጥበቃው ፊት ፊት ሄደ።

ሐሙስ ዕለት፣ ወለሉ ላይ ያሉትን ፋይሎች ለጊዜው የምታስቀምጥበት ቦታ ስለጠፋ፣ ከጎን ያለውን ክፍል ከፈተችው። ይህ ክፍል የተፈቱ ሰዎች ፋይል የሚቀመጥበት ነው። የሚገባበት ሰው የለም፤ የወጣን ሰው ወረቀት ማን ይፈልጋል? ቦታ ለማስለቀቅ ስትል የድሮዎቹን እየፈታች ወረቀቱን በካርቶን፣ ሽፋኑን ለብቻ ማድረግ ጀመረች። ሽፋን እንደ ወርቅ የሚፈለግበት ቤት ነው፤ ደህና ደህናውን ለአዲስ ገቢ ትጠቀምበታለች። በተከፈተው በር በኩል በያጁ ጀርባውን ሰጥቷት ሲሠራ ታየዋለች።

እዚህ ላይ ስለ ሲባጎው መነገር አለበት። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ሳምንት አፈሳ ነበር፤ በሦስት መኪና መቶ ስልሳ ሰው መጣ። ሽፋን አልቆ ነበር፤ መደርደሪያውም ሞልቶ ነበር። እታለም አንድ መላ ፈጠረች። አጭር ፍርድ ያለበት ወይም ገና ቀጠሮ ላይ ያለ ሰው ፋይሉ ቀጭን ነው፤ ፍርዱ ወይም ቀጠሮው፣ ፎቶውና የጣት አሻራው ሦስት ወረቀት ቢሆን ነው። ስለዚህ ሁለት ሁለቱን በአንድ ሽፋን አድርጋ በሲባጎ አሰረቻቸው። በአንድ ሽፋን ቦታ ሁለት ሰው ገባ። ኃላፊው ባየው ጊዜ «እኛ ሰዎቹን እንጂ ወረቀቱን ማደራረብ የት አስበን!» ብሎ በጣም ሳቀ፤ በዓመቱ መጨረሻም የምስጋና ወረቀት ሰጣት። አሠራሩ እስከዛሬ አለ። ሽፋኑ ላይ የሁለቱም ሰው ቁጥርና የመውጫ ቀን ይጻፋል።

የሁለቱም መጻፍ እንዳለበት ግን ያሰበችው በሁለተኛው ሳምንት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የጻፈችው የላይኛውን ሰው ብቻ ነበር። በኋላ ተመልሼ እሞላዋለሁ ብላ ነበር። በኋላ ሌላ መኪና መጣ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሷ ግን ያፈሰሰችውን መልቀሟንም ረሳችው።

የያዘችው ፋይል የአንድ ኪስ አውላቂ ነበር፤ በስምንት ወሩ ተፈትቶ ሄዷል፤ ሽፋኑም እንደታሰረ ወደዚህ ክፍል ገብቷል። ሲባጎውን ፈታች። ከኪስ አውላቂው ወረቀት ሥር ሌላ ፎቶ አለ። ትከሻው ሰፊ፣ አንገቱን ደፋ ያደረገ፣ ጺሙ ያልተላጨ ሰው ነው። ቀና ስትል ያው ትከሻ በበሩ በኩል ይታያታል፤ የብየዳው እሳት እየተንጣጣበት።

ወረቀቱን አነበበች። አሥራ ስድስት ወር። የመውጫ ቀን። በጣቷ ቆጠረች። እንደገና ቆጠረች፤ በካልኩሌተርም ደመረች። ዘጠኝ ወር ከአሥራ አንድ ቀን አልፎታል። የፍርድ ቤት ደብዳቤ የሚጠብቅ ነገር አልነበረውም። ፋይሉ አንድም ቀን ከዚህ ሕንፃ አልወጣም።

ካርቶኑ ላይ ተቀመጠች። በዚያ ዘጠኝ ወር ውስጥ ስንት ሰኞ እንዳለ ታውቃለች። መስኮቱ ላይ ቆሞ የተናገረውን፣ እሷም ቀና ሳትል የመለሰችለትን ታውቃለች። ብድግ ብላ ሄዳ ልትነግረው አሰበች፤ አሰበች እንጂ አልተነሣችም። ፈርታ ነበር። ሲባጎው የማን እጅ ሥራ እንደሆነ መዝገብ ቤት ውስጥ የማያውቅ የለም፤ ቋጠሮዋ ራሱ ይታወቃል፣ ሁለት ጊዜ ጠምዝዛ ነው የምትቋጥረው። ወረቀቱን አጥፋ ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

«እታለም፣ ትንሽ ውኃ ይገኛል?» አለ በያጁ ከወዲያ።

በብርጭቆ ወሰደችለት።

«እግዜር ይስጥልኝ» አላት፤ ጠጥቶ ብርጭቆውን በሁለት እጁ መለሰላት። እንደዚያ ቀን ምስጋና ያቃጠላት ነገር የለም።

ባሏ ልብስ ሰፊ ነው። የሚሠራው ቤታቸው የፊት ክፍል ውስጥ ነው፤ የስፌት መኪናው መስኮቱ ሥር፣ የምስጋና ወረቀቷ በመስታወት ተደርጎ ከበላዩ። የኋላውን ክፍል ለአንድ ሳምንት ብላ የመጣችው እህቱ ከሁለት ልጆቿ ጋር ይዛዋለች፤ ሳምንቷ ሦስተኛ ዓመቱን ጨርሷል። እታለም እራቱን ሳትነካ ነገሩን ነገረቻቸው።

«ሆድ ይፍጀው» አለች የባሏ እህት ወዲያው። «ሰውዬውን በሆነ መላ አስወጪውና ዝም በይ። ማን አየ?»

«እኔ አየሁ» አለች እታለም።

ባልየው መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። ቀልድ የማያጣ ሰው ነው፤ ዛሬ ግን አልመጣለትም።

«እኔ ሱሪ አጥብቤ የሰፋሁ እንደሆነ ሰውዬው ይመለሳል» አለ። «እሰዳደባለሁ፣ ጥፋቱ የጨርቁ ነው እላለሁ፣ መጨረሻ ላይ ግን ፈትቼ እሰፋለሁ። አንቺ ግን እመቤት፣ የሰውየውን ዘጠኝ ወር ፈተሽ ከየት ትቀጥዪለታለሽ?»

«እኔ ምን አውቄ! ምክር ነው የጠየቅሁህ እንጂ አልቅስልኝ አላልኩህም።»

«ምክሬማ ይኸው ነው። የማይቀጠል ከሆነ ቢያንስ አትሸፍኚው።»

«ብባረርስ? ብታሰርስ?»

ባልየው ሳህኗን ወደ እሷ ገፋ አደረገላት።

ዓርብ ጠዋት ወረቀቱን ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው። አነበበ፤ ቀኑን አየ፤ በረጅሙ ተነፈሰ።

«ዛሬውኑ ይውጣ» አለ። «መፍቻ ወረቀቱ ላይ ‹ትእዛዙ ዘግይቶ የደረሰ› በዪበት።»

«ጋሼ፣ ትእዛዙ መች ዘገየ? እዚሁ ነበር።»

«አውቃለሁ። የምለው ለአንቺ ብዬ ነው እኮ እታለም።»

«በዚያ ሳምንት ያሰርኳቸው አርባ ሦስት ጥንድ ናቸው። ሌሎቹም እንዲህ ሆነው ቢሆንስ?»

ኃላፊው ተነሥቶ በሩን ዘጋው።

«አሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል።»

«ዘንዶውማ ውስጥ ነው ያለው ጋሼ፤ ሰው እየዋጠ።»

«የሴቶቹን ክፍል ታውቂዋለሽ?» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለአሥራ አምስት ነው የተሠራው። ዛሬ ጠዋት ሃምሳ ስምንት ሆነው ተቆጥረዋል። ሃምሳ ዘጠነኛ መሆን ያምርሻል? ሰው በሕገወጥ መንገድ ማቆየት ምን እንደሚያስፈርድ እኔ ልንገርሽ እንዴ? አንቺ አይደለሽ እንዴ ፋይሎቹን የምታነቢው?»

ታውቃለች። ስንት እንደሆነ በወር ታውቃለች። አንገቷን ደፋች፤ ኃላፊው እንዳለው ጽፋ አስፈረመችና ወረቀቱን ይዛ ወጣች። በዚያች ሰዓት እታለምን ጀግና ላድርጋት ብል ውሸት ይሆናል። ከመንገዱ ሁሉ ቀላሉን ነበር የያዘችው፤ ሰውዬው ይውጣ እንጂ ሌላው ከሌላ ቀን ጋር ይታያል ብላ ራሷን አጽናንታ ነበር።

በያጁ የመጨረሻውን ረድፍ እየበየደ ነበር። መነጽሩን አውልቆ ወረቀቱን ተቀበላት። አነበበው፤ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ደገመው። ሽማግሌው ጥበቃ «እሰይ! አልቋል አለቀለት!» ብሎ ትከሻውን መታው። በያጁ ጣቱን አንድ መስመር ላይ አሳረፈ።

«‹ዘግይቶ የደረሰ› ይላል።»

«አዎ።»

«ይህን ይዤ ቤቴ መግባት አልችልም።»

«ለምን?»

እዚያው የብረቱ ፍርፋሪ ላይ ቁጭ አለ።

«ሚስቴ እሑድ እሑድ ትመጣ ነበር» አላት። «በአሥራ ስድስተኛው ወር፣ ጊዜዬ ያለቀ ቀን፣ ሸሚዝ ተኩሳ መጥታ በሩ ላይ ቆማ ዋለች። በማግስቱም መጣች። ከዚያ ፍርድ ቤት ሄዳ ጠየቀች። ‹የእኛ ወረቀት ከተላከ አሥራ ስድስት ወር ሆኖታል፤ የሚለቁት እነሱ ናቸው፤ ካልለቀቁት ምክንያት ይኖራቸዋል› አሏት። ምክንያት! እሑድ መጥታ ‹ውስጥ ምን አጠፋህ? እውነቱን ንገረኝ› አለችኝ። ምንም አላልኳት፤ የምላት ነገር ምን አለኝ? ‹እኔን እስከመቼ ትዋሸኛለህ› ብላ ሄደች። ሰባት ወር ሆናት፣ አልተመለሰችም። አሁን ‹ዘግይቶ የደረሰ› የሚል ወረቀት ይዤ ስሄድ፣ መላኩን በጆሮዋ የሰማች ሴት ምን ትለኛለች?»

እታለም ቆማ ሰማችው። ሠራተኛ ሆኖ ሰው ሲያለቅስ መስማት አንድ ነገር ነው፤ የሰው ትዳር በራስ እጅ መፈታቱን መስማት ሌላ ነው። የደበቀችው ነገር እንደማይደበቅ ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። ወረቀቱን ከእጁ ወሰደችው፤ ወንበሯ ላይ ተቀመጠችና አዲስ ወረቀት አወጣች። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ እያነበበች ጻፈች፤ ሽማግሌው ጥበቃም ኮፍያውን አውልቆ ሰማ።

«ይህ ሰው ጊዜውን ጨርሶ ዘጠኝ ወር ከአሥራ ሁለት ቀን ያለ አንዳች ጥፋት ታስሯል። ፋይሉን ከሌላ ሰው ፋይል ጋር በአንድ ሽፋን አስሬ፣ ቁጥሩንና ቀኑን ሳልጽፍበት የረሳሁት እኔ ነኝ። ጊዜው ማለቁን በየሳምንቱ ነግሮኛል። አልሰማሁትም።» ከሥሩ ሙሉ ስሟን ጻፈችና ፈረመች።

በያጁ ወረቀቱን ተቀብሎ እስከ ፊርማው ድረስ አነበበው።

«አንቺ ነሽ?» አላት።

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ «እርስዎ» ሲላት ነበር። እታለም ልቧ ላይ የደረሰው ይኸው «አንቺ» ነው፤ ይገባታልም።

«እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ።»

«አልልሽም» አለ። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። «ይቅር በለኝ ማለት ቀላል ነው። ከእኔ ጋር በዚያው ሳምንት የገባን ብዙ ነን፤ እንደኔው የሚለፈልፉ አሉ። በእነሱ ላይ ስንስቅ ነው የኖርነው። ሄደሽ ፈልጊያቸው፤ ይቅርታውን ከዚያ በኋላ እናየዋለን።»

ወረቀቱን በሁለት ግልባጭ አድርጋ አንዱን ለኃላፊው ወሰደች። ኃላፊው ሁለት ጊዜ አነበበው። ‹አሠራሩን ያጸደቅሁት እኔ ነኝ› የሚል ቃል ይጨምርበት ይሆን ብላ ብዕሩን አየች። ብዕሩ አየር ላይ ትንሽ ቆየ። በመጨረሻ «ደርሶኛል» ብሎ ፈረመ፤ ቀኑንም ጻፈ። ሰው ሲፈራ አጭር ይጽፋል።

«ለበላይ አካል ማስተላለፍ ግዴታዬ ነው» አላት። «እስኪጠሩሽ ድረስ ግን ሥራሽ ላይ ነሽ።»

«እስኪጠሩኝ ድረስ አርባ ሁለት ሽፋን አለብኝ ጋሼ።»

በያጁ ያን ዕለት ከቀትር በኋላ በላስቲክ የቋጠራትን ዕቃውን ይዞ ወጣ። ቦታው ለአንድ ሰዓት እንኳ ባዶ አልሆነም፤ በዚያው ቀን አሥራ አራት ሰው ገብቷል። ጠዋት አንድ ሺህ አንድ መቶ ስልሳ ሦስት የነበረው ቁጥር ማታ አንድ ሺህ አንድ መቶ ሰባ ስድስት ሆኖ ተጻፈ። የእሱ መውጣት በዚያ ቁጥር ላይ ቢፈለግም አይገኝም።

እታለም ቅዳሜም እሑድም ገባች። ሽማግሌው ጥበቃ፣ ማንም ሳያዘው፣ ከተፈቱ ሰዎች ክፍል ካርቶን እየተሸከመ ያወጣላት ነበር። ቋጠሮውን ታውቀዋለች፤ ሁለት ጊዜ የተጠመዘዘ ሲባጎ ሲገኝ ትፈታዋለች። ብዙው ደህና ሆኖ ተገኘ፤ ሁለቱም ሰዎች አንድ ሰሞን ተፈትተዋል፣ ወይም ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወሩ ፋይሉ ተለይቷል። እሑድ ሲመሽ ግን ጠረጴዛዋ ላይ የአሥራ ሁለት ሰው ወረቀት ተደርድሯል። ስምንቱ ጊዜያቸው አልፏል። አራቱ ፍርድ የላቸውም፤ ቀጠሮ ላይ እያሉ ፋይላቸው ስለጠፋ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ዳኛ ፊት አልቀረቡም።

ከስምንቱ የአንዱን ፎቶ ስታይ አወቀችው። ሳል የነበረበት ቀጭን ሰውዬ ነው። ሰባ ሰው በሚተነፍስበት ክፍል ሳሉ ጠናበት፤ ከአምስት ወር በፊት ክሊኒክ ውስጥ ሞተ። በሞተበት ቀን ፋይሉን ፈልጋ ስላጣችው አዲስ ሽፋን ከፍታለት ነበር፤ የውስጡ አንድ ወረቀት ብቻ ነው፣ የመሞቱ። አሁን የያዘችውን ወረቀት አየች። ከሞተ አምስት ወር ነው፤ ጊዜው ካለቀ ሰባት። ሁለት ወር ቤቱ ሆኖ ሐኪም ዘንድ ሊሄድ ይችል ነበር። ሊድንም ላይድንም ይችል ነበር። እሱን አሁን ማን ያውቃል?

ያን ጊዜ አለቀሰች። ሽማግሌው ጥበቃ አጠገቧ ቆሞ «አይዞሽ» ሊል አፉን ከፈተና ተወው፤ አይዞሽ የሚባልበት ነገር አልነበረም። የሰውዬውን ወረቀት ለብቻው አድርጋ ለቤተሰቡ የሚላክ ደብዳቤ ጻፈች፤ ያችኑ ቃል፦ ያሰርኩት እኔ ነኝ፣ አልሰማሁትም። ከዚያ የቀሩትን አሥራ አንድ ስሞች በአንድ ወረቀት ገለበጠች።

ሰኞ ጠዋት ቆጠራው እንዳለቀ፣ በመስኮቱ በኩል ሳይሆን በሩን ከፍታ ወደ ግቢው ወጣች። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ወደዚያ ግቢ ወርዳ አታውቅም ነበር፤ ሰው ነው ወደ እሷ የሚመጣው። ግቢው ከዳር እስከ ዳር በሰው ተሞልቷል፤ መሬቱ አይታይም። ፀሐይ የሚሞቀው፣ ከልብሱ ቅማል የሚለቅመው፣ ለውኃ የተሰለፈው፣ እየሳለ ግድግዳ የተደገፈው፣ ሁሉም ትከሻ ለትከሻ ነው። ሽማግሌው ጥበቃ ጸጥ ለማሰኘት ፊሽካውን ሊነፋ ሲል ከልክላ ወረቀቷን ብቻ ከፍ አድርጋ ያዘች።

«መዝገብ ቤት ነኝ» አለች። ከኋላ ያሉት አልሰሙም፤ እንደገና አለችው። «ጊዜያቸው አልቆ ያልተፈቱ፣ ቀጠሯቸው ጠፍቶ ያልቀረቡ ሰዎች አሉ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ስማቸውን ልጠራ ነው የመጣሁት።»

ለውኃ የተሰለፉት ዞሩ። ባልዲ ተቀመጠ። ከግድግዳው ሥር አንዱ ብድግ አለ፤ አጠገቡ ያለውም ብድግ አለ፤ ከዚያ ከፊት፣ ከኋላ፣ ከየክፍሉ በር፣ አሮጌውም ወጣቱም፣ ዓርብ የገባውም ሳይቀር፣ አንድ ሺህ አንድ መቶ ሰባ ስድስቱም ተነሥተው ቆሙ። አንድ ሰው እንኳ አልሳለም። ሁሉም እሷን ነው የሚያዩት።

እታለም ወረቀቱን ዝቅ አድርጋ አየችው። የያዘችው ስም አሥራ አንድ ነበር።